የቆጣሪው ዳኛ አያ ቢያድግልኝ

የመካነ ሰላም የኅዳር ብርድ ቀልድ አያውቅም። ውሻ ሊጮህ አፉን ይከፍትና ቁሩ ጉሮሮው ሲገባ፣ «ሌባውም ቢሆን በዚህ ብርድ የወጣው ቢቸግረው ነው» ብሎ መልሶ ይዘጋዋል። ዶሮ ከጣለችው እንቁላል ላይ አትነሳም፤ እናትነት ይዟት ሳይሆን ከሥሯ ያለው ሙቀት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። እንዲህ ባለ አገር፣ አራት በርና አንድ የመብራት ቆጣሪ ባለው በእትዬ ድንቅነሽ ግቢ ውስጥ፣ አያ ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ይኖራል።

አያ ቢያድግልኝ የተወለደው ወግዲ ገጠር ነው። እናቱ ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ሦስት ልጆች አልቆዩላትምና ስሙን እንደ ልመና አወጣችለት። ልመናዋም ከሚገባው በላይ ተሰማ፤ ልጁ ግንባሩ የበር ጉበን እስኪመታ ድረስ አደገ። መካነ ሰላም ገብቶ ተማረ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ኖሮ ዓምና በጡረታ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ወረቀት ጠፋችበት የሚል ሰው የለም። የሠፈሩ ሰው ሲያጋንን፣ «የወተት ጥርሴን ለቢያድግልኝ አስረክቤ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከነተነቀለችበት ቀን ያወጣልኝ ነበር» ይላል።

ሹመቱም የመጣው በዚሁ ስም ነው። በጥቅምት መግቢያ ላይ እትዬ ድንቅነሽ የመብራት ሂሳቡን ወረቀት በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው መሐል ግቢ ቆሙ። እትዬ ድንቅነሽ የግቢው ባለቤት ናቸው፤ ሰባ ዓመታቸው ነው። አያታቸው ጭቃ ሹም ነበሩ፤ ሹመቱ ከቀረ ቆየ እንጂ ድምፁን ወርሰውታል።

«ይኸ መብራት ነው ወይስ ሰርግ?» አሉ። «አራት ቤት ይህን ያህል ከበላ ቆጣሪው ውስጥ ተደብቆ የሚኖር አምስተኛ ቤተሰብ አለ ማለት ነው! ቢያድግልኝ፣ አንተ ፋይል ያልጠፋብህ ሰው፣ ይኸን ነገር ያዝልኝ።»

ያዘ። እውነቱን ለመናገር ሥራውን ያውቅበታል። በየበሩ ሥር ብርድ የሚገባበትን ክፍተት በጆንያ ጥቅል አስደፈነ። የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በአሮጌ ጋዜጣና በሊጥ አስለጠፈ። ጥቁር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስቀመጠና ለእግር መታጠቢያ የሚበቃ ለብታ አገኘ። ሻይ በቀን አንዴ ይፈላና ፔርሙስ ይገባል። ያለ ክዳን የተጣደ ድስት ያየ እንደሆነ ክዳኑ እስኪመጣ ነጠላውን አውልቆ ሊከድንበት ይደርሳል። አምፖሉን ሁሉ በቆጣቢው አስለወጠ። ከዚያም መሐል ግቢ ቆሞ ይሰብካል፤

«ብርድ በልብስ ይመከታል እንጂ በመብራት አይመከትም! ጋቢ ደርቡ! ካልሲ ደርቡ! ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተኙ!»

«እኔ ብቻዬን ነኝ፣ አያ፤ ከማን ጋር ሁለት ልሁን?» አለ በእውቀቱ። በእውቀቱ በአራተኛው በር የሚኖር፣ ገና ያላገባ የሒሳብ መምህር ነው።

«ከብርድ ልብስህ ጋር!»

በጥቅምት መጨረሻ ሂሳቡ በሩብ ወረደ። እትዬ ድንቅነሽ ቁጭ ብድግ ብለው መረቁት። ሦስተኛው በር ላይ ልብስ እየሰፋች፣ እያጠበችና እየተኮሰች የምትኖረው ሀዲያም ከስፌት መኪናዋ ቀና አለችና፣ «ማሻ አላህ! እርስዎ ቢሾሙ ኖሮ እኮ አባይን በጀሪካን ያጠራቅሙት ነበር» አለች። አያ ቢያድግልኝ በዚያ ቀን ከጉበኑ በላይ ቁመት ጨመረ።

ኅዳር በገባ በሳምንቱ ግን ከላላ ወረዳ የተዳረችው ልጁ ጸደንያ ወለደች። ሚስቱ ሸዋረግ ዘንቢሏን ሞልታ፣ ልጇን ልታርስ ሄደች፤ ክርስትናው ሳይደርስ አትመለስም። ወንድ ቢሆን አርባ ቀን ነበር። ሴት ሆነችና ሰማንያ ቀን ሆነ። አያ ቢያድግልኝ ዜናውን በስልክ ሲሰማ «እሰይ! እልልል በይልኝ!» አለ፤ ስልኩን እንደዘጋ ግን አርባን ከሰማንያ ቀነሰና የልጅ ልጁን ወንድ ባለመሆኗ ለአንድ አፍታ ተቀየማት። ይህ የመጀመሪያው በደል ነው። ሰው አልሰማውም፤ እሱ ግን ከዚያ ጀምሮ የሕፃኗን ስም ሲጠራ ጆሮው ይግላል።

ሸዋረግ አጭር ሴት ናት፤ ሙቀቷ ግን የሦስት ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ከጎኗ የተኛ ሰው ብርድ የሚባለውን ነገር ከሌሎች ወሬ ብቻ ነበር የሚያውቀው። ሄደችና አልጋው እንደ ወንዝ ዳር ድንጋይ ሆነ። በመጀመሪያው ማታ ሁለት ጋቢ ደረበ፤ በሁለተኛው ካፖርቱን ጨመረ፤ በሦስተኛው ሦስት ካልሲ፣ ኮፍያና የሸዋረግን ሻሽ አድርጎ ተኛ፤ ብርዱ በጢሙ በኩል ገባ። በማግሥቱ ሸዋረግ ደወለች።

«ብርዱን እንዴት ቻልኸው?»

«ምን ብርድ አለ! አብሽሪ። ለሰው እንኳ የማስተምር ሰው ነኝ።»

«ምንድን ነው የሚንቀጫቀጨው?»

«ኔትወርኩ ነው» አለ ጥርሱን በእጁ ይዞ።

ገበያ ሄዶ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛ። ክብ ሸክላ ነው፤ በላዩ ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ሽቦ አለው፤ ሲሰካ ይቀላል። ሻጩን «ለሽሮ ነው» አለው፣ ሳይጠየቅ። በጆንያ ጠቅልሎ፣ ጋቢው ሥር እንደ አራስ ልጅ አቅፎ ሲገባ እትዬ ድንቅነሽ ከደጃቸው ሆነው፣ «ምንድን ነው እሱ?» አሉ።

«ጥቅል ጎመን።»

«ይኸን የሚያህል?»

«ዘንድሮ ጎመኑ ሰምሯል።»

የዚያን ዕለት አያ ቢያድግልኝ ሞቀው። ከአልጋው አጠገብ ሽቦው እንደ ፍም ቀላ፤ ጉልበቱ፣ ትከሻው፣ ጆሮው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ከብት ሲገቡ ቆጠራቸው። በሩን በጆንያ፣ መስኮቱን በጋዜጣ የደፈነ ሰው ነውና ሙቀቱም ወሬውም ወደ ውጭ አይወጣም። ማታ ይሰካዋል፣ ሲነጋጋ ይነቅለዋል፤ ነቅሎም ከአልጋ ሥር ይደብቀዋል። ከዚያ ፊቱን ይታጠብና ወጥቶ ስለ ቁጠባ ያስተምራል።

የኅዳር ሂሳብ ሲመጣ የወረደው ሩብ ተመልሶ፣ ወንድሙን ይዞ መጣ። ቆጣሪ ክፉ ነገር ነው፤ በበላ ቁጥር ምግቡ ይወደዳል። እትዬ ድንቅነሽ ጮሁ። አያ ቢያድግልኝ ከእሳቸው የበለጠ ጮኸ። ሰውየው እንዲህ ሆነ፤ ምድጃው በጋለ ቁጥር ደንቡ ይከብዳል። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥቶ (የሽቦው ሙቀት አስተኝቶት አርፍዶ ነው) የግቢውን አምፖል ፈታና ወሰደ። በሌላው ቀን ስልክ ቻርጅ የሚደረገው በተራ ነው አለ። መምህር በእውቀቱ «የእኔ ተራ መቼ ነው?» ቢለው፣ «ከጥምቀት በኋላ» አለው።

አንድ ቀን ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ካውያ የሚሉት ነገር መቼም… የስንት አምፖል ጉልበት አለው» አለ። ነገሩን በግማሽ ነው ያለው። ግማሽ ነገር ግን ሙሉ ከሆነው ይልቅ ፈጥኖ ይሄዳል። የግቢው ዓይን ሁሉ ወደ ሀዲያ ዞረ። የስፌት መኪናዋ በእግር የሚረገጥ ነው፤ ካውያዋ ግን የኤሌክትሪክ ነው። ያው ካውያ በጥቅምትም ነበረ፤ ሂሳቡ በወረደበት ወር እንደ ልቡ ሲተኩስ ነበር። ይህን ያስታወሰ ሰው አልነበረም፤ አንድ ፋይል የማይጠፋበት ሰው ብቻ አስታወሰ፤ እሱም ፋይሉን መለሰና መሳቢያውን ዘጋ።

ሀዲያ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንድትተኩስ ተፈረደባት። በዓል እየመጣ ነው፤ የከተማው ነጭ ልብስ ሁሉ በእጇ ላይ ነው። «ይሁን፣ ኸይር ነው» አለችና የከሰል ካውያ ተዋሰች። በሦስተኛው ቀን ፍንጣሪ ዘለለና የሰው ነጠላ ጥለት ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አወጣ። ከኪሷ ተካች። አያ ቢያድግልኝ ቀዳዳዋን አይቷታል። የምስር ፍሬ ነበረች፤ በእሱ ዓይን ግን አንድ ሰው በቅሎ ጭኖ የሚያልፍባት ሆነች።

ይባስ ብሎ ሸዋረግ ደወለች። «ሀዲያን አላህ ይስጥልኝ በልልኝ» አለች። «ለአራሷ ልጅ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋችላትን ብርድ ልብስ በሰው ልካልናለች። ምን የመሰለ! ልጅቷ በሱ ተጠቅልላ ላብ ይላታል። እንዳትረሳ፣ ጉንጯን ስመህ ንገርልኝ።»

ጉንጯን አልሳመም። መልእክቱን የነገራት ጉልበቷን እያየ ነው።

በጾሙ አጋማሽ ላይ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ አባ ወልደሩፋኤል ሄደ። «አባቴ» አለ፣ «አንድ የማውቀው ሰው አለ። በደለኛ ነው። ምን ልበለው?»

አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩት። «ያ ሰውዬ የበደለው እግዜርን ብቻ ከሆነ ወደኔ ይምጣ። ጎረቤቱን ከሆነ ግን መጀመሪያ ወደ ጎረቤቱ ይሂድ። ደግሞ ንገረው፤ የጋቢው ጫፍ ተለብልቧል፣ ይጠንቀቅ።»

አያ ቢያድግልኝ የጋቢውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎ ወጣ። ወደ ጎረቤቱ ግን አልሄደም። የታኅሣሥ ሂሳብ ቀድሞት ግቢ ደረሰ።

እትዬ ድንቅነሽ ወረቀቱን አዩ፣ መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ፣ ከዚያ የግቢውን በር ዘግተው ግንድ አስደገፉበት።

«አውጫጭኝ!» አሉ።

በጥንት ጊዜ አገር ውስጥ ነገር ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ በዳዩ እስኪለይ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። አይቶ ፊት ለፊት መናገር የፈራ ሰው ለሽማግሌው በጆሮው ሹክ ይለዋል። ሽማግሌውም «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያወጣዋል፤ ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። የእትዬ ድንቅነሽ አያት በዚህ የታወቁ ነበሩ፤ የልጅ ልጃቸውም ሰባ ዓመት ሙሉ አንድ አውጫጭኝ ሳያደርጉ እንዳይሞቱ ሲመኙ ኖረዋል። ሽማግሌ ሆኖ ማን ተመረጠ? ፋይል ያልጠፋበት ሰው።

አያ ቢያድግልኝን የተገለበጠ ሙቀጫ ላይ አስቀመጡት። ወፎቹ በየተራ መጡ።

መጀመሪያ በእውቀቱ ጎንበስ አለ። «አያ፣ ጉዴ ነው። የውሃ ማፍያ አለኝ። እንቁላል እቀቅልበታለሁ።»

«በጾም?»

«ለዚህ አይደል በሹክሹክታ የምነግርዎ!»

ቀጥሎ እትዬ ድንቅነሽ ራሳቸው መጡ፤ ሕግ ሕግ ነው። ጆሮው ላይ አፋቸውን ገጠሙና፣ «ቢያድጌ፣ እኔም ገበያ ስወጣ ቴሌቪዥኑን ሳላጠፋ ነው የምሄደው» አሉ። «ድመቷ ብቻዋን ትፈራለች። ደግሞ ድራማው ያመልጣታል።»

በመጨረሻ ሀዲያ መጣች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተጠጋች።

«አያ ቢያድግልኝ፣ እኔ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ስነሣ ግቢው ውርጭ ነው» አለች በቀስታ። «የሁላችንም ቆርቆሮ ጨው የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ነው። የእርስዎ ብቻ ያንጠባጥባል። ሸዋረግ ከሄደች ወዲህ ነው። ወንድ ነዎት፣ ብርድ ገደለኝ አይሉም፤ ገብቶኛል። በእኔ ያሳብቡት። ካውያ አለኝ፣ ሰው ያምናል። ቢበዛ እትዬ ይጮሁብኛል፤ ጩኸት እንደሁ ለምጃለሁ።»

ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አያ ቢያድግልኝ ተነሣ። ቆጣሪው እንኳ መቁጠሩን አቁሞ የሚሰማ መሰለው። አፉን ከፈተ። «እኔ ነኝ» የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰች። ከኋላዋ ግን «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ አየ። ለምን ቢሉት ምን ይላል? ስልሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተኙ እያለ የሰበከ ሰው፣ እዚያ፣ በዚያ ወጣት መምህር ፊት «ሚስቴ የለችም፤ በረደኝ» ሊል ነው?

«ወፏ…» አለ።

«ወፏ ምን አለች?» አሉ እትዬ ድንቅነሽ።

«ወፏ… ካውያ አለች።»

እትዬ ድንቅነሽ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። መጮህ ይጠበቅባቸው ነበር፤ አልጮሁም። ከጩኸት የከፋ ነገር አደረጉ፤ እንደ አያታቸው በዝግታ ተናገሩ። «ሀዲያ፣ ልጄ፣ እወድሻለሁ። ግን በአውጫጭኝ የተለየ ሰው ግቢ አይቀመጥም። ሕጉ የአያቴ ነው። እስከ ገበያ ቀን ቤቱን ልቀቂልኝ።»

ሀዲያ ቀስ ብላ ወደ አያ ቢያድግልኝ ዞረች። ያሰበችው ጩኸት ነበር፤ የመጣው ከቤት መውጣት ነው። ይናገራል ብላ ጠበቀች። አያ ቢያድግልኝ ጫማውን ያይ ነበር። የጫማው ክር ስንት ቀዳዳ እንደሚያልፍ በዚያ ቀን በደንብ አጠና፤ አሥራ ሁለት ነው።

እስከ ገበያ ቀን አራት ቀን ነበረ። በአራቱም ቀን ምድጃውን አልሰካም። ይበርደኝ፣ ይቅጣኝ አለ። ቢበርደውም ለሀዲያ ቤት አልሆነላትም። ጠዋት ጠዋት ንግግር ያጠናል። አንዱን በሸዋረግ ስም ጀመረው፣ አንዱን በጉልበቱ ሕመም፤ አንዱን እንዲያውም «የተከበራችሁ የግቢው ነዋሪዎች» ብሎ እንደ ደብዳቤ ጀመረው፤ ቁጥርና ቀን ብቻ ነው የጎደለው። ሁሉም ጥሩ ነበሩ። ከደጁ አንድ እርምጃ ሲወጣ ግን ሀዲያ ዕቃ ስታስር ያያትና ንግግሩ ሁሉ ከአእምሮው ብን ይላል። በሠላሳ አራት ዓመት መጀመሪያ የጠፋበት ወረቀት ይኸ ነው። «አብሽር» ይላል ለራሱ፣ «ነገ።» ነገ ደግሞ አራት ብቻ ነበሩ።

በገበያው ቀን ጋሪ ነጂው ሃሩን የአህያ ጋሪውን ደጅ አቆመ። አያ ቢያድግልኝ፣ እጁ ሥራ ቢይዝ ልቡ ያርፍ መስሎት፣ ዕቃ ላግዝ ብሎ ወጣ። የስፌት መኪናዋን በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላ ወገን ሀዲያ ያዙ። ብረት ነው፤ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ገና ከመሬት ሲያነሡት ሀዲያ፣ አራት ቀን ሙሉ ያላናገረችው ሴት፣ «ቀስ! ወገብዎን!» አለች።

ቢሰድቡት ይችለው ነበር። ቢረግሙት አሜን ይል ነበር። ይህችን ግን አልቻላትም። መኪናውን መሬት ላይ አስቀመጠና እዚያው በሩ ላይ፣ በእትዬ ድንቅነሽ፣ በመምህር በእውቀቱ፣ በሃሩንና በአህያዋ ፊት ተናገረ።

«እኔ ነኝ! መብራቱን የበላሁት እኔ ነኝ! ሸዋረግ ሄዳ በረደኝ! ምድጃ ገዝቼ እየሞቅሁ ነው የተኛሁት! ይቺ ሴት ምንም የለችበትም፤ እያወቀች ነው የሸፈነችኝ!»

አህያዋ እንኳ ጆሮዋን አቆመች። በእውቀቱ ሳቅ አመለጠውና መልሶ ዋጠው። እትዬ ድንቅነሽ፣ «ጎመን ነው አላልከኝም?» አሉ። ወዲያው ደግሞ ወደ ሀዲያ ሮጡ፤ በሰባ ዓመት እንደዚያ የሮጠ የለም። «ልጄ፣ ግቢ! ቤትሽ ነው! አያቴም ተሳስተው ያውቃሉ!»

ሀዲያ ግን የሻንጣዋን ገመድ ማሰሯን አላቆመችም። «ቤት ይዣለሁ፣ እትዬ። ለባለቤቱ ቃል ሰጥቻለሁ። ደግሞ ሲያባርሩኝ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቁኝም።» ከዚያ ወደ አያ ቢያድግልኝ ዞረች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «እርስዎ ግን፣ አራት ቀን! በየቀኑ ዛሬ ይናገሩ ይሆን እያልኩ ዕቃ ሳስር ቀስ እያልኩ ነበር የማስረው። አራት ቀን ሙሉ ቀስ አልኩ!»

አያ ቢያድግልኝ የጋሪውን ኋላ ያዘና መግፋት ጀመረ። «ይተዉት፣ አህያዋ ትችላለች» አለ ሃሩን። አልተወም። አዲሱ ቤት ከገበያው ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ነው፤ መንገዱ ደግሞ የግድ ገበያውን መሐል ለመሐል ያልፋል። የወሎ ቦረና ሰው ሁሉ ወጥቷል።

መጀመሪያ ያገኛቸው የድሮ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ነበር። «ጋሼ ቢያድግልኝ፣ ቤት ለወጡ?»

«አልለወጥሁም» አለ አያ ቢያድግልኝ ጋሪውን አቁሞ። «ይቺን ሴት ያለ ጥፋቷ አስባርሬያት ነው። መብራቱን የበላሁት እኔ ነበርሁ፤ በእሷ አሳበብኩ።»

ዘበኛው አፉን ከፍቶ ቀረ። ጋሪው ሄደ። በርበሬ የምትሸጥ ሴት «ኸይር ነው?» አለች፤ ለእሷም ነገራት። ጨው የሚሰፍር ሰው ጠየቀ፤ ነገረው። ከከላላ በቅሎ ጭነው የመጡ ሁለት ሰዎች አልጠየቁም፤ ነገራቸው። ገበያው ግማሽ ላይ ሲደርሱ ታሪኩ ከጋሪው ቀድሞ መሄድ ጀመረ፤ አንዳንዱ ሰው «አያ፣ ያ ምድጃ የነበረው እርስዎ ነዎት?» እያለ ከሩቅ ይቀበለው ነበር። «እኔ ነኝ» ይላል፤ ይቆማል፤ ከመጀመሪያው ይተርካል። «በረደኝ» የሚለውን ቃል ሲደግመው ሲደግመው አፉ ለመደው። ሃሩን እንደሚምለው ሚኒባስ መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ ለሰባ ሦስት ሰው፣ ለአንድ ትራፊክ ፖሊስና ለአንድ ለማኝ ተናዟል። ለማኙ ሳንቲም ሊሰጠው ፈልጎ ነበር ይላል።

«ሃሩን፣ ንዳው!» አለች ሀዲያ በመጨረሻ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ። «ኧረ አቦ፣ በቃዎት! እርስዎ ሲናዘዙ እኔም አብሬ መታያ ሆንሁ! ነገ መርፌ ልገዛ ስወጣ ሰው ሁሉ ‹ያቺ የመብራቷ› ነው የሚለኝ!»

አያ ቢያድግልኝ ደነገጠ። ይህን አላሰበውም ነበር። የራሱን ሸክም በየሰው ላይ ሲያራግፍ ቆይቶ ለካስ ግማሹን እሷ ላይ ነበር የሚጭነው። ከዚያ በኋላ እስከ ዳገቱ አናት ማንንም ቀና ብሎ አላየም፤ ገፋ ብቻ። ላቡ ጢሙ ላይ ወረደ። ከኅዳር ወዲህ ያለ ምድጃ ሲሞቀው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

አዲሱ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ የራሱ ቆጣሪ አለው። ዕቃውን አወረዱ። መኪናዋን መስኮት ሥር አስቀመጡላት፤ በዚህ ጊዜ ሃሩንም ያዘ። ሀዲያ ካውያዋን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አደረገችና ሽቦውን ፈታች። አያ ቢያድግልኝ ደጃፉ ላይ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያዞረዋል።

«ሀዲያ፣ የተቃጠለውን ነጠላም፣ የጋሪውንም እኔ እችላለሁ። ግን… አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

ቀና ብላ አየችው።

«በአፌ አፉ ብያለሁ» አለች። «ሰው ደጄ ላይ ቆሞ አፉ በይኝ እያለኝ እምቢ አልልም፤ አላህም አይወድልኝ። ሆዴ ግን ገና ነው። ሆድ እንደ አፍ አይቸኩልም። ይቅርታው ከሆዴ የመጣ ዕለት ሰው እልክብዎታለሁ።»

«እሺ።»

«አይጠይቁኝ ደግሞ። እየመጡ ‹መጣ ወይ?› እንዳይሉኝ።»

«እሺ፣ አልጠይቅም።»

ሶኬቱን ሰካች። እሱ ወጣ። ሃሩን ባዶ ጋሪውን እያዞረ ነበር፤ «ይውጡ፣ ቁልቁል ላድርስዎት» አለው።

«በእግሬ ልሂድ» አለ አያ ቢያድግልኝ።

ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ አንድ የወግዲ ሰው፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቀው፣ በበቅሎ ሆኖ አገኘው። ልጓሙን ሳበና፣ «ቢያድጌ! ከየት ነው እንዲህ ላብ በላብ ሆነህ?» አለው።

አያ ቢያድግልኝ ዞር ብሎ ወደ ሀዲያ በር አየ። በሩ ተዘግቷል። ወደ ሰውየው ጠጋ አለ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በዚህ ጊዜ ስሟን ሳይጠራ፣ የሠራውን ብቻ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።